ለሰባ ሺህ ሰው የተጫወተ ባንድ አዲስ ዘፈኖቹን ለምን በደብሊን መለስተኛ አዳራሽ አሰማ?

ሰኔ 6 ቀን 1989 ዓ.ም. ዓርብ ምሽት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 13 ቀን 1997፣ አራት አሜሪካውያን ሙዚቀኞች በአየርላንድ ዋና ከተማ ደብሊን ወደ አንድ መለስተኛ መድረክ ወጡ። አዳራሹ ከ2,000 ያነሰ ሰው የሚይዝ፣ በቅዱስ ፍራንሲስ ዣቪየር ስም የተሰየመና ሰዎች ባጭሩ «ኤስ ኤፍ ኤክስ» የሚሉት ነበር።

እነዚሁ አራት ሰዎች ከአሥር ወራት በፊት፣ በኒውዮርክ ግዛት ፕላትስበርግ ከተማ፣ በቀድሞ የአየር ኃይል ሰፈር ላይ ባዘጋጁት የሁለት ቀን ኮንሰርት 70,000 ያህል ሰው ሰብስበው ነበር። በደብሊን ፊታቸው የቆመው ታዳሚ ከዚያ ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።

ይሁንና ባንዱ በዚያ ምሽትና በማግስቱ፣ ቲኬት ቆርጦ የገባ ታዳሚ ከዚያ በፊት ሰምቷቸው የማያውቃቸውን በርካታ ዘፈኖች ተጫወተ። ዘፈኖቹ በአልበም አልወጡም፤ በራዲዮም አልተሰሙም። ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ዛሬም፣ ሩብ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ የባንዱ ኮንሰርቶች ምሰሶ ናቸው።

የባንዱ ስም ፊሽ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሙዚቃው ዓለም የተለመደው አካሄድ የታወቀ ነው። ዘፈን በስቱዲዮ ተቀድቶ ያልቃል፤ በአልበም ይወጣል፤ ሕዝብ ይለምደዋል፤ ድምፃዊው ደግሞ በመድረክ ይዞት ይዞራል። ታዳሚው የሚከፍለው የሚያውቀውን ለመስማት ነው። ታዲያ በአገሩ ሜዳ የሚሞላ ባንድ ይህን ሥርዓት ገልብጦ፣ ገና ያልጠኑ ሥራዎቹን ባሕር አሻግሮ ለጥቂት ሰዎች የሚያሰማው ለምንድን ነው?

ጃም ባንድ ምን ማለት ነው?

ፊሽ በአሜሪካ «ጃም ባንድ» ከሚባሉት ቡድኖች አንዱ ነው። በሙዚቀኞች ቋንቋ «ጃም ማድረግ» ማለት ከአንድ በላይ ተጫዋቾች ተሰባስበው፣ ቀድሞ የተጻፈ ቅንብር ሳይከተሉ፣ እርስ በርስ እየተደማመጡ በቅጽበት መጫወት ነው። ልማዱ ከጃዝ ሙዚቀኞች የመጣ ነው። እነርሱ የመደበኛ ሥራቸውን ሰዓት ከጨረሱ በኋላ ተሰባስበው ለራሳቸው ደስታ ይጫወቱ ነበር።

ይህን ልማድ ወደ ሮክ ሙዚቃ አምጥቶ የሙሉ ምሽት ዝግጅት ያደረገው በ1965 በካሊፎርኒያ የተመሠረተው ግሬትፉል ዴድ የተባለው ባንድ ነው። ባንዱ በየምሽቱ የዘፈኖቹን ምርጫና ቅደም ተከተል ይለውጥ ነበር። አንድ ዘፈን ዛሬ ስድስት ደቂቃ፣ ነገ ሃያ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል።

አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ሲወረውር፣ አዝማሪው ከማሲንቆው ምት ሳይወጣ የተወረወረለትን ተቀብሎ ያዜማል። የራሱንም ይጨምርበታል። ማንም ቀድሞ አልጻፈውም፤ ነገ ማታም በዚያው መልክ አይደገምም።

ልዩነቱ የሚለወጠው ነገር ላይ ነው። በአዝማሪ ቤት ዜማው ጸንቶ ይቆማል፤ ግጥሙ ይለወጣል። በጃም ባንድ ግን ግጥሙ ጸንቶ ይቆማል፤ የሚለወጠው ሙዚቃው ነው። «ተቀበል» የሚባባሉትም ጊታሩ፣ ቤዝ ጊታሩ፣ ኪቦርዱና ድራሙ ናቸው።

የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ሁለት መልክ አለው። በአንደኛው ሙዚቀኞቹ የዘፈኑን ቅኝትና ምት ሳይለቁ በላዩ ላይ ይፈጥራሉ፤ አድማጩ የትኛው ዘፈን ውስጥ እንዳለ ምንጊዜም ያውቃል። በሁለተኛው ግን መሠረቱን ራሱን ትተው ይሄዳሉ። ምቱም ቅኝቱም ይለወጣል። አንዳንዴ ወደ ጀመሩበት ይመለሳሉ፤ አንዳንዴም ሳይመለሱ ሌላ ዘፈን ውስጥ ራሳቸውን ያገኙታል።

ከውጭ ሲታይ መላ ቅጡ የጠፋ ሊመስል ይችላል። ከጀርባው ግን ብርቱ ልምምድ አለ። የፊሽ አባላት በልምምድ ክፍላቸው ይሠሩት ከነበረው የመደማመጥ ትምህርት አንዱ እንዲህ ነበር። አንዱ አጭር የሙዚቃ ሐረግ ይጀምራል። ሦስቱ ከእርሱ ጋር የሚስማማ፣ ግን የማይደግመው ነገር ይጨምራሉ። እያንዳንዱ የሌሎቹን ሁሉ ድምፅ አጥርቶ መስማቱን ሲያረጋግጥ «ሄይ» ይላል። አራቱም «ሄይ» ሲሉ ብቻ ቀጣዩ ተጫዋች ሐረጉን ይለውጣል። ልምምዱ በዋናነት የሚያሠለጥነው ጣትን ሳይሆን ጆሮን ነው።

ከመጠጥ ቤት እስከ አየር ኃይል ሰፈር

ፊሽ የተመሠረተው በ1983 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ ነው። ጊታር ተጫዋቹና ዋናው ድምፃዊ ትሬይ አናስታሲዮ፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ማይክ ጎርደንና ድራም መቺው ጆን ፊሽማን ከጅምሩ ነበሩ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ፔጅ ማኮኔል በ1985 ተቀላቀላቸው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መኖሪያቸው በበርሊንግተን ከተማ የሚገኘው «ኔክታርስ» የተባለ መጠጥ ቤት ነበር። በዚያ ጠባብ መድረክ ምሽቱን ሙሉ እየተጫወቱ፣ ያልበሰለ ነገር ይዘው መጥተው በሰው ፊት ያበስሉት ነበር። ውለታውን አልረሱም፤ በ1992 ያወጡትን አልበም በመጠጥ ቤቱ ባለቤት ስም ሰይመውለታል።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ የራሱን ታሪክ ያስታውስ ይሆናል። በ1970ዎቹ የአዲስ አበባ ባንዶች በሆቴሎች ተቀጥረው ለዓመታት በአንድ መድረክ ይጫወቱ ነበር፤ ዋልያስ ባንድ በሂልተን፣ አይቤክስ ባንድ በራስ ሆቴል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ የመሸበት ታዳሚ እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ሙዚቀኞቹም እስከ ንጋት ይጫወቱ እንደነበር ኋላ ተርከዋል። ረጅም ሌሊት፣ ትንሽ ክፍልና የለመደ ታዳሚ አንድን ባንድ እንዴት እንደሚያበስሉት የዚያ ዘመን ቅጂዎች ይመሰክራሉ።

ፊሽ ግን ከመጠጥ ቤቱ ርቆ ሄደ። በ1995 የግሬትፉል ዴድ መሪ ጄሪ ጋርሲያ ሲሞትና ባንዱ ሲበተን፣ ከከተማ ከተማ እየተከተለ ኮንሰርት የሚከታተል ብዙ ሕዝብ መሄጃ አጣ። ከዚያ ሕዝብ ከፊሉ ወደ ፊሽ ዞረ። በ1996 የበጋ ወራት በፕላትስበርግ የታየው የ70,000 ሰው ጉባኤ የዚህ እድገት ውጤት ነበር።

እድገቱ ዋጋ ነበረው። በትልቅ ሜዳ ድምፅ ሩቅ ይጓዛል፤ ስለዚህ ሙዚቀኛው ጮክ ያለውን፣ ፈጣኑንና ወደ ከፍታ የሚወጣውን እንዲመርጥ ይገደዳል። ሰባ ሺህ ሰው በአንድ ድምፅ ሲጮህ ደግሞ ባለፈው ያስጮኸውን ነገር መድገም ያጓጓል። ቀስ ብሎ መጀመርና ምን እንደሚመጣ ሳያውቁ መጠበቅ በዚያ ሜዳ ላይ ይከብዳል።

ከሌጎስ የተነሳው ምት

ለውጡ የመጣው ባልተጠበቀ አቅጣጫ ነበር። ፊሽ ከ1994 ጀምሮ በየዓመቱ ኦክቶበር 31፣ አሜሪካውያን የተለያየ ልብስ ለብሰው በሚያከብሩት የሃሎዊን ምሽት፣ የሌላ ባንድ አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የመጫወት ልማድ ጀምሮ ነበር። ሌሎች ልብስ ሲቀይሩ እነርሱ ሙዚቃ ይቀይሩ ነበር ማለት ነው።

በ1996 አትላንታ ላይ የመረጡት ቶኪንግ ሄድስ የተባለው የኒውዮርክ ባንድ በ1980 ያወጣውን «ሪሜን ኢን ላይት» የተሰኘ አልበም ነው። ያ አልበም ራሱ የአፍሪካ ልጅ ነው። ሠሪዎቹ የናይጄሪያዊውን የፌላ ኩቲን ሙዚቃ አዘውትረው ያዳምጡ ነበር። አሠራሩንም ወስደዋል፦ ቅኝቱ ሳይለዋወጥ አንድ ምት ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ትንሽ ነገር ደጋግሞ ይጫወታል፤ ሙሉው ሙዚቃ የሚገኘው ትንንሾቹ ሲጋጠሙ ነው።

ፊሽ ይህን አልበም ለመጫወት ሲዘጋጅ አንድ ነገር መማር ነበረበት፤ እሱም ማነስ ነው። ባንዱ እስከዚያ የሚታወቀው በፍጥነት፣ በተወሳሰበ ቅንብርና ጊታሩ እየመራ በሚወጣው ከፍታ ነበር። አዲሱ አሠራር ግን መሪ አልነበረውም። አራቱም ጥቂት ይጫወታሉ፤ በመካከላቸው ባዶ ቦታ ይተዋሉ፤ ባዶው ቦታ ራሱ የምቱ አካል ይሆናል።

በ1997 መጀመሪያ ባንዱ ወደ አውሮፓ ሲሻገር ይህን ትምህርት ይዞ ነው። በአውሮፓ ስሙ ብዙም ስለማይታወቅ የሚጫወተው በትንንሽ አዳራሾች ነበር። ከመካከላቸው አንዱ በአምስተርዳም የሚገኘው ፓራዲሶ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለአምልኮ የተሠራ፣ ከ1968 ጀምሮ ግን የሙዚቃ ቤት የሆነ፣ 1,500 ያህል ሰው የሚይዝ ሕንጻ። ሌላው በጀርመን ሐምቡርግ የሚገኘው ማርክትሃለ ነው። ማርች 1 ቀን 1997 በሐምቡርግ የተደረገው ኮንሰርት ተቀድቶ በዚያው ዓመት በአልበም ወጥቷል። ብዙ የባንዱ ተከታዮች አዲሱ አጨዋወት ሥር የሰደደበት ምሽት አድርገው ይቆጥሩታል።

ዘፈኖቹ ወደ ደብሊን የሄዱት ለምንድን ነው?

ከሐምቡርግ በኋላ በነበሩት የጸደይ ወራት ትሬይ አናስታሲዮና የረጅም ጊዜ የግጥም አጋሩ ቶም ማርሻል በቬርሞንት ገጠር አንድ የእርሻ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ዘፈን ይሠሩ ነበር። የሚቀዱት በቀላል መሣሪያ ነበር። እነዚያ ቅጂዎች በ2000 ለሕዝብ ሲቀርቡ፣ ዘፈኖቹ ሲወለዱ ምን ያህል ቀላልና ያልተኳኳሉ እንደነበሩ ተሰምቷል።

ቀላልነታቸው ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል። ከዚህ ቀደም የባንዱ ዘፈኖች እንደ ታላቅ ሕንጻ ክፍል በክፍል የተገነቡ ነበሩ። አዲሶቹ ግን ጥቂት ስንኝ፣ አንድ ጠንካራ ምትና ሰፊ ግቢ ነበራቸው። በዚያ ግቢ ምን እንደሚደረግ ገና አልተወሰነም። ይህንን ደግሞ በስቱዲዮ መወሰን አይቻልም፤ በሰው ፊት ተጫውቶ ማየት ያስፈልጋል።

ጠባቡ የባሕር ማዶ አዳራሽ ለዚህ ሥራ የሚመችባቸው ምክንያቶች ቢያንስ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የድምፅ ጉዳይ ነው። በባዶ ቦታ ላይ የተመሠረተ ሙዚቃ ዝምታው እንዲሰማ ይፈልጋል። በትልቅ ሜዳ ዝምታን ጩኸት ይሞላዋል። በትንሽ አዳራሽ ግን የቤዝ ጊታሩ አንድ ክር እስከ ኋላው ግድግዳ ይሰማል። ሙዚቀኛውም የሰው እግር በምቱ መንቀሳቀስ መጀመሩን በዓይኑ ያያል። ምቱ ካልሠራም ወዲያው ያውቃል።

ሁለተኛው የጥበቃ ጉዳይ ነው። የአገር ቤት ታዳሚ የሚወደውን ዘፈን ስም እየጠራ ይጠብቃል። ለብዙው የደብሊን ነዋሪ ግን የባንዱ ሥራ ሁሉ አዲስ ነው፤ የአሥር ዓመቱ ዘፈንና የዛሬው እኩል ናቸው። ስለዚህ ባንዱ አዲሱን ሲጫወት ከድሮው የቀነሰ አይመስልም።

ሦስተኛው የውድቀት ዋጋ ነው። አዲስ ዘፈን በመጀመሪያው ቀን ይሰናከላል። ግጥም ይረሳል፤ መግቢያው ይዘበራረቃል፤ መጨረሻው አይታወቅም። ይህ በሰባ ሺህ ሰው ፊት ሲሆን የምሽቱ ታሪክ ይሆናል። በአንድ አዳራሽ ሲሆን ግን በማግስቱ ማታ ይስተካከላል። ከደብሊን ቀጥሎ ጁን 16 ለንደን በሮያል አልበርት ሆል ተጫወቱ፤ ከዚያም በአውሮፓ ከተሞች ሲዘዋወሩ ሰንብተው በጁላይ መጀመሪያ ወደ ፓራዲሶ ተመለሱ። በየማረፊያው እነዚሁ ዘፈኖች አንድ ነገር ይጨምሩ፣ አንድ ነገር ይጥሉ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ርቀቱ ሙሉ መሸሸጊያ አልነበረም። በእነዚያ አዳራሾች ከአገሬው ሰው ጎን ከአሜሪካ ድረስ ተከትለዋቸው የመጡ ብዙ ወጣቶች ቆመው ነበር። ስደተኛው የአገሩን ድምፃዊ በሰው አገር ሲቀበል ማየት ለለመድነው ለእኛ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ እዚህ የተሰደደው ሙዚቃው ነው፤ ታዳሚው ደግሞ ሊያደምጠው አብሮ ተሰደደ።

ከዚህም በላይ ፊሽ እንደ ግሬትፉል ዴድ ሁሉ ታዳሚው ኮንሰርቱን በራሱ መሣሪያ እንዲቀዳ ይፈቅድ ነበር። ግሬትፉል ዴድ በ1984 ለቀጂዎች የተለየ የመቆሚያ ቦታ እስከ መመደብ ደርሶ ነበር። ቀጂዎቹ ካሴቱን ሳይሸጡ በፖስታ ይለዋወጡታል። የአንድ ዘፈን የመጀመሪያ ስሕተት ለዘላለም ተቀድቶ ይቀራል ማለት ነው። ባንዱ ይህን እያወቀ መድረክ ላይ መውጣቱ ነው የምሽቱን ድፍረት የሚያሳየው።

የዘፈኖቹ ዕጣ

በደብሊን ሁለት ምሽቶች ከተሰሙት አዳዲስ ሥራዎች መካከል «ጎስት»፣ «ሊምብ ባይ ሊምብ»፣ «ፓይፐር» እና «ትዊስት» ይገኛሉ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር አሠራሩን ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ያስረዳል።

«ጎስት» ማለት መንፈስ ማለት ነው። ዘፈኑ በቀስታ ምት ይጀምራል፤ ግጥሙ ቶሎ ያልቃል። ከደብሊን አምስት ወር በኋላ፣ ኖቬምበር 17 ቀን 1997፣ በኮሎራዶ ግዛት ዴንቨር ከተማ ትልቅ የስፖርት አዳራሽ ሲጫወቱት ሃያ ደቂቃ ገደማ ፈጀ። የዚያ ምሽት ቅጂ ኋላ በይፋ ታትሟል። በ1998 በስቱዲዮ አልበም ሲወጣ ግን ዘፈኑ አራት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። የአልበሙ ስም «የመንፈሱ ታሪክ» መባሉ ዘፈኑ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ያሳያል። አድማጮች ዛሬ ዋናው «ጎስት» የትኛው እንደሆነ ቢጠየቁ ብዙዎቹ የአራት ደቂቃውን አይመርጡም።

«ሊምብ ባይ ሊምብ» በዚያው አልበም ገባ። «ፓይፐር» እና «ትዊስት» ግን በስቱዲዮ አልበም የወጡት በ2000 ነው። እስከዚያ የኖሩት በዋናነት በመድረክ ላይና በአድማጮች ካሴት ውስጥ ነበር።

ሁሉም አልተሳካላቸውም። በዚያው በጋ ይጫወቱት የነበረ «ኦሊቪያስ ፑል» የተባለ ፈጣን ዘፈን አልዘለቀም። ባንዱ ግን አልጣለውም። ግጥሙን ይዞ፣ ምቱን አቀዝቅዞ፣ «ሻፍቲ» በሚል አዲስ ስም እንደገና ሠራውና በ1998ቱ አልበም አስገባው። ሕዝብ ፊት ባይሰናከል ኖሮ ሁለተኛው መልኩ ባልተፈለገ ነበር።

ተቃራኒውም አለ። «ብላክ አይድ ኬቲ» በሚል ስም በ1997 መጨረሻ ያለግጥም፣ በመሣሪያ ብቻ ይጫወቱት የነበረው ሥራ፣ በማግሥቱ ዓመት ባንዱ ዳግም ወደ አውሮፓ ሲሻገር ግጥም ለብሶ «ሞማ ዳንስ» ሆነ። አዲሱ መልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ጁን 30 ቀን 1998 በዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን፣ ክሪስቲያኒያ በተባለው ሰፈር፣ በአንድ አሮጌ የወታደር አዳራሽ ውስጥ ነው።

ኮፐንሃገን ከዚያም በፊት

ኮፐንሃገን ለዚህ ልማድ እንግዳ አይደለችም። ከዚያ 26 ዓመት ቀደም ብሎ ግሬትፉል ዴድ ከአፕሪል እስከ ሜይ 1972 በአውሮፓ 22 ኮንሰርቶችን አሳይቶ ነበር። አፕሪል 17 ቀን በከተማዋ ቲቮሊ የሙዚቃ አዳራሽ «ሂዝ ጎን» የተባለውን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወቱ። ዘፈኑ የተነሳው ከባንዱ የራሱ ቁስል ነው፤ ሥራ አስኪያጃቸው የነበረውና የድራም መቺያቸው አባት የሆነው ሰው ገንዘባቸውን ይዞ ጠፍቶ ነበር። የቤታቸውን ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘፈኑት ከቤታቸው ርቀው ነው።

የዚያ ጉዞ ቅጂ በዚያው ዓመት መጨረሻ በሦስት ሸክላ ወጣ። ከዘፈኖቹ በርካቶቹ የስቱዲዮ ቅጂ ኖሯቸው አያውቅም፤ የመድረኩ ቅጂ ብቸኛው መታወቂያቸው ሆኖ ቀረ። እርግጥ ባንዱ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ የድምፃውያኑን ክፍል በስቱዲዮ ውስጥ አስተካክሏል። በሰው ፊት መሰናከል ቢፈቀድም፣ ሸክላ ላይ የሚቀረውን መጠገን ያጓጓል ማለት ነው።

ታዳሚው የሚከፍለው ለምንድን ነው?

በዚህ አሠራር ላይ ቅሬታ የሚያቀርቡ አሉ፤ ቅሬታቸውም መሠረት አለው። ቲኬት የገዛ ሰው ያለቀ ሥራ ማየት አይገባውምን? ልብስ ሰፊ ያልተጨረሰ ልብስ ቢሸጥ ማን ይገዛዋል? ገደብ የሌለው ጨዋታ ደግሞ አንዳንዴ ወደ ምንም ሳያደርስ ይባክናል። ሃያ ደቂቃ ተጠብቆ ምንም የማይመጣበት ምሽት እንዳለ የባንዱ ወዳጆችም አይክዱም።

መልሱ ያለው በውሉ ላይ ነው። የጃም ባንድ ታዳሚ የሚገዛው ዕቃ ሳይሆን ሲሠራ የማየት መብት ነው። ከእርሱ የሚጠበቀው ገንዘብ ብቻም አይደለም፤ ትዕግሥትም ነው። አዲሱን ዘፈን በዝምታና በጥሞና ከሰማ ዘፈኑ መንገዱን ያገኛል። ጀርባውን ከሰጠ፣ ወይም «የድሮውን!» ብሎ ከጮኸ፣ ሙዚቀኛው ወደ ድሮው ይመለሳል፤ አዲሱም ሳያድግ ይቀራል። በዚህ ዓይነት ምሽት ታዳሚው ከሠሪዎቹ አንዱ ነው።

ይህ ጥያቄ በዋሽንግተን፣ በለንደን፣ በዱባይ ወይም በቴል አቪቭ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ለመስማት ከሚሰበሰበው ሰው የራቀ አይደለም። በስደት አዳራሽ የሚፈለገው ብዙውን ጊዜ ትዝታ ነው፤ ሰው የሚመጣው አገር ቤት ሳለ የሚያውቀውን ዘፈን አብሮ ለመዝፈን ነው። ይህ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ነገር ግን አንድ ድምፃዊ በሄደበት አገር ሁሉ የሃያ ዓመት ዘፈኑን ብቻ እንዲደግም ከተጠየቀ፣ አዲሱን የት ይሞክረዋል? በአዝማሪ ቤት «ተቀበል» የሚለው ታዳሚው ነው። የሚቀበለውን አዝማሪ የሚያገኘውም መጀመሪያ እርሱ ራሱ ለመስማት ስለተዘጋጀ ነው።

ዛሬ መሸሸጊያ አለ?

ከ1997 ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ያን ጊዜ የደብሊን ካሴት አሜሪካ ለመድረስ ቀናት ወይም ሳምንታት ይፈጅበት ነበር። ዛሬ የፊሽ ኮንሰርቶች በቀጥታ በኢንተርኔት ይተላለፋሉ፤ ባለቁ በሰዓታት ውስጥም ሙሉ ቅጂያቸው ለሽያጭ ይቀርባል። በአዳራሹ ያለ ስልክ ሁሉ ካሜራ ነው። በአፕሪል 2024 ባንዱ በላስ ቬጋስ፣ ግድግዳውና ጣሪያው በሙሉ ስክሪን በሆነው ስፊር በተባለ ግዙፍ አዳራሽ አራት ምሽት ተጫውቷል። ከኤስ ኤፍ ኤክስ አዳራሽ እጅግ የራቀ ዓለም ነው።

ይሁንና በስፊርም ቢሆን በአራቱ ምሽቶች አንድም ዘፈን አልደገሙም። ልማዱ ከአዳራሹ መጠን ጋር አልጠፋም። የጠፋው ሩቅ ቦታ የሚሰጠው ጥቂት ጊዜ ነው፤ አንድ ዘፈን ዓለም ሳይፈርድበት በፊት ለሁለት ለሦስት ሳምንት በየከተማው እየተንከራተተ ራሱን የሚያውቅበት ጊዜ።

በዚያ የሰኔ ዓርብ ምሽት በደብሊን የነበረው ሰው የሰማው «ጎስት» የዴንቨሩ አልነበረም። ገና ስሙ ያልታወቀ፣ ወዴት እንደሚሄድ ሙዚቀኞቹም በውል የማያውቁት ዘፈን ነበር። ሰዎቹ ግን ቆመው ሰሙት፤ ዘፈኑም በማግሥቱ ከእነርሱ የወሰደውን ይዞ ወደሚቀጥለው ከተማ ሄደ።